አፈር ውስጥ የከረሙ

ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት፣ ከባቡር ወርጄ በሜልቦርን መሃል ከተማ ሕንፃዎች መካከል ወደ ሥራዬ ስጣደፍ፣ ከአንድ ካፌ ደጃፍ ላይ ከተተከለ ላቬንደር ውስጥ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የማር ንብ ድምፅ አልነበረም፤ የማር ንብ ሳታቋርጥ ነው የምታንጎራጉረው። ይህኛው ከፍ ብሎ ይጮህና ዝም ይላል፣ ወደ ሌላ አበባ ተሻግሮ እንደገና ይጮህና ዝም ይላል፤ ሕፃን ልጅ በከንፈሩ የሞተር ድምፅ እያወጣ የአሻንጉሊት መኪናውን ሲነዳና ሲያቆም እንደሚያሰማው ዓይነት ነው። ጎንበስ ብዬ ፈለግኋት፣ ላያት ግን አልቻልኩም። ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ሁሉ እየታከከኝ ያልፍ ነበር፣ ሰዓቱም ረፍዶብኝ ስለነበር ትቻት ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ግን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ልቤ ክሬጊበርን ዋለ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከእናቴ ጎን በተገለበጠ የወተት ሣጥን ላይ ተቀምጬ፣ የጅረቱን ገደል ሳይ።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ከከተማው በስተሰሜን ክሬጊበርን ውስጥ፣ አዲስ ከሚሠሩት፣ ኤስቴት ከሚባሉ የመኖሪያ መንደሮች በአንዱ፣ በመጨረሻው መንገድ ላይ፣ በኪራይ ቤት ነበር። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥር ካለፈ በኋላ ባሉት ዓመታት ያ ሰፈር በየወሩ እየተለጠጠ፣ ትናንት ላም ሲግጥበት ያየነውን ሜዳ ዛሬ የመንገድ መብራት ተተክሎበት እናገኘው ነበር። የእኛ መንገድ ለጊዜው የመጨረሻው ስለነበር አስፋልቱ ሽቦ አጥር ላይ ያልቅ ነበር፤ ከአጥሩ ወዲያ ደረቅ ሣር፣ ያረጁ ትልልቅ ባሕር ዛፎች፣ ከዚያም በክረምት ብቻ ውኃ የሚይዝ ጠባብ ጅረት ነበር። ጅረቱ በአንድ በኩል መሬቱን ሸርሽሮ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ የሚል የሸክላ አፈር ገደል ሠርቶ ነበር። አባዬ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ የሚያነሣ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር፤ እማዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሺፍት እየገባች ትሠራ ነበር፤ ወንድሜ ናሆም ገና ትምህርት ቤት መጀመሩ ነበርና በአማርኛ ስንጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልስልን ነበር።

እማዬ ስለዚያ አገር ከሁሉ የምትወደው ወቅቱን ነበር። ሌላ አገር የሄዱት ዘመዶቻችን ሐምሌ በጋ ነው፣ ጥር በረዶ ነው እያሉ ሲያማርሩ፣ የሜልቦርን ክረምት ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ አበባውም በመስከረም፣ በጋውም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነበርና፣ «ሌላው ሁሉ ቢገለበጥብንም ወቅቱ አልተገለበጠብንም» ትል ነበር። የአገር ቤት ወሮቹን ስም ያስተማረችንም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚህም ያው ያገለግላሉ ብላ።

በአንዱ ሐምሌ እማዬ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሆዷ ገፍቶ፣ አባዬ የሕፃን አልጋውን ገጣጥሞ በመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር አስቀምጦት ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን ሕፃኗ መንቀሳቀስ አቆመችብኝ ብላ ወደ ሆስፒታል ሄደች፣ ከሁለት ቀን በኋላም ባዶ እጇን ተመለሰች። እሷን ልናመጣ ስንሄድ አባዬ እኔንና ናሆምን መኪና ውስጥ እንዳለን፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «እህታችሁ አልመጣችም» አለን። ናሆም «ዌን ኢዝ ሺ ካሚንግ?» ብሎ መቼ እንደምትመጣ ጠየቀው፤ አባዬ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

በኋላ ካደግኩ ወዲያ እንደሰማሁት፣ ነርሷ ሕፃኗን ጠቅልላ ይዛ መጥታ እናቲቱ ማየትና ማቀፍ ትፈልግ እንደሆነ ስትጠይቅ፣ አባዬ «አትያት አስቱ፣ አንዴ ካየሻት ከዓይንሽ አትጠፋም» ብሎ ለመናት፤ እማዬም ከመድኃኒቱና ከድካሙ የተነሣ መናገር አቅቷት እሺ ለማለት ራሷን ነቀነቀች። አባዬና ጋሼ ወልዴ፣ ሐበሻ ከሚበዛበት ከፉትስክሬይ ሰፈር የሚመጣ የቤተሰባችን ሽማግሌ፣ ሁለቱ ብቻ ሄደው ቀበሯት። እማዬ አልጋ ላይ ነበረች።

ወዳጆቻችን የሆኑ የአገራችን ሴቶች ምግብ ይዘው ከፉትስክሬይ ይመጡ ነበር፤ ሳሎን ሞልተው ቁጭ ይሉና ግን ምን ብለው እንደሚያለቅሱ አያውቁም ነበር። ስም የላት፣ ክርስትና አልተነሣች፣ ፊቷን ያየ የለ። ከሁሉ የምትቀርበን እትዬ አሰገደች የእማዬን ጉልበት እያሻሸች፣ «ሳታውቂያት መሄዷ ይሻላል የኔ ልጅ፤ ብታውቂያት ኖሮ ይብስ ነበር። እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» ትላት ነበር። እማዬ «አሜን» ትል ነበር። ከዚያ በስተቀር ምንም አትናገርም ነበር። አላለቀሰችም፤ እኔ ስታለቅስ አይቻት የማውቀው ለሌላ ሰው ሲሆን ነበርና፣ ለራሷ አለማልቀሷ ያስፈራኝ ነበር። የሕፃን አልጋው ተፈታትቶ ወደ ጋራዥ ገባ። ክረምቱ በዚህ ዓይነት አለፈ፣ መስከረም ጠብቶ የጎረቤቶቻችን ግቢ በአበባ ሲሞላም እማዬ ከሥራ መልስ መጋረጃውን ዘግታ ትተኛ ነበር፤ ናሆም ቤት ሲገባ ጫማውን አውልቆ በእግር ጣቱ መራመድ ለመደ።

በጋው ሲገባ ግን እማዬ ከቤት መውጣት ጀመረች። ሥራ በሌላት ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ በሽቦ አጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ወደ ሜዳው ትሄድና እስከ ከሰዓት ድረስ አትመለስም ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር አንድ ቀን ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኳት። ከገደሉ ፊት ለፊት፣ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንድ የወተት ሣጥን ገልብጣ ተቀምጣ ነበር። መምጣቴን ሳትቆጣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጎኗ አስቀመጠችኝ። ገደሉ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ከቀዳዳዎቹ የምትገባና የምትወጣ፣ ከማር ንብ ክብ የምትል፣ ጀርባዋ ላይ ሰማያዊ ቀለበት ቀለበት ያላት ንብ በየቦታው አለች፤ ፀሐይ ሲያርፍባት ሰማያዊው እንደ ጥልፍ ክር ያበራ ነበር። «አውራ የላቸውም» አለችኝ እማዬ በሹክሹክታ፣ «እያንዳንዷ የራሷን ቤት ነው የምትቆፍረው። ሳያቸው ነው የሰነበትኩት።» ከክረምቱ ወዲህ ይህን ያህል ረጅም ነገር ስትነግረኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ከጅረቱ ማዶ ባለው አሮጌ የእርሻ ቤት ዶሪን የምትባል ባልቴት ነበረች። መሬቱ የባሏ ነበር፤ ባሏ ሞቶ መሬቱ ለቤት ሠሪዎች ከተሸጠ በኋላ፣ ቤቱ እስኪፈርስ እንድትኖርበት ተፈቅዶላት ነበር። የገለባ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዛ ትመጣና ከእኛ ጋር ትቀመጥ ነበር። እማዬ ሽማግሌ ሰው በስሙ ብቻ መጥራት ስለሚከብዳት «እትዬ ዶሪን» ትላት ነበር፤ ሴትዮዋም እትዬ ማለት በእኛ ቋንቋ ጓደኛዬ ማለት መስሏት እማዬን መልሳ «እትዬ» ትላት ነበር፣ እማዬም አላረመቻትም። የእማዬ እንግሊዝኛ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነበር፤ መድኃኒት፣ ዳይፐር፣ ራት፣ ደህና እደሩ። ስለዚህ ከዚያ በላይ የሆነውን ነገር በሁለቱ መካከል ተቀምጬ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ።

ያን በጋ ያወቅነውን ነገር ሁሉ ያወቅነው እንዲህ ነው። እነዚያ ንቦች የዚያው አገር ተወላጆች እንደሆኑ፣ የቲማቲምን አበባ እንደነሱ አንቀጥቅጦ ፍሬ የሚያሲዘው እንደሌለ፣ ማርም እንደማይሠሩ፣ ቀፎም እንደማይገቡ፣ ለስላሳ የሸክላ አፈር ካላገኙ መኖሪያ እንደሌላቸው ዶሪን ትነግረን ነበር። ባሏ በሕይወት ሳለ በጎቹ ገደሉን እንዳይረግጡት አጥር አጥሮላቸው ነበር። ማምሻውን ደግሞ ቤት የሌላቸው ወንዶቹ ንቦች በደረቀ ሣር ዘንግ ላይ ተደርድረው፣ ዘንጉን በአፋቸው ነክሰው፣ እግራቸውን ሰብስበው ይተኙ ነበር። አባዬ ከሥራ ሲመለስ ሊጠራን መጥቶ ያንን አየና ናሆምን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሞ ቀረ። «ሥራ ውለው የደከማቸው ይመስላሉ» አለ። እማዬ ሳቀች። እኔም አባዬን አየሁት፣ አባዬም እኔን አየኝ።

መጋቢት አልፎ ቀኑ ቀዝቀዝ ሲል ንቦቹ እየቀነሱ ሄዱ። አንድ ከሰዓት እማዬ ከገደሉ ሥር አንዷን ሞታ አገኘቻትና መዳፏ ላይ አድርጋ ክንፏ ዳር ዳሩ ተበጣጥሶ እንደነበር አሳየችን። ዶሪን ሁሌም እንዲህ ነው አለች፤ ብርዱ ሳይገባ እናቶቹ በሙሉ ያልቃሉ። ከዚያም ረጋ ብላ የቀረውን ነገረችኝ፤ እኔ ግን ወዲያው አልተረጎምኩትም።

«ምን አለች?» አለችኝ እማዬ።

«እናቲቱ…» ብዬ ቆምኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብሆንም የምናገረው ነገር የት እንደሚያርፍ ገብቶኝ ነበር። «እናቲቱ የአበባ ዱቄት ሰብስባ፣ እንቁላሏን እሱ ላይ ጥላ፣ ቀዳዳውን በጭቃ ትደፍነዋለች አለች። ከዚያ ትሞታለች። ልጇ ክረምቱን አፈር ውስጥ ከርሞ በበጋ ብቻውን ይወጣል። እናቲቱ ልጇን አታየውም።»

እማዬ ዓይኗን ወደ ገደሉ መለሰች። ዶሪንም ምን እንደነካች ሳይገባት አልቀረም፣ ሻይ ቀድታ አጠገቧ አስቀመጠችላት። «አንዱንም?» አለች እማዬ በመጨረሻ።

«አንዱንም አታይም።»

«ሳታየው ነው ይሄን ሁሉ የምትለፋለት» አለች፣ ለእኔም ሳይሆን፣ ለዶሪንም ሳይሆን። የሞተችውን ንብ ከገደሉ ሥር መለስ አድርጋ አፈር አለበሰቻትና ወደ ቤት ሄድን።

ያ ግንቦት ሳያልቅ የዶሪን ልጅ መጥታ እናቷን ወደ ኩዊንስላንድ ወሰደቻት፤ የእርሻ ቤቱም ፈረሰ። ሰኔ ሲገባ ሜዳው ላይ ሮዝ ሪባን የታሰረባቸው እንጨቶች ተተከሉ፣ አጥሩ ላይ የሚመጡት ቤቶች ሥዕል ተሰቀለ፣ ሥዕሉ ውስጥ ጅረቱም ገደሉም አልነበሩም። የተሳለው መንገድና አንድ ክብ ሣር ነበር። እማዬ ሥዕሉ ፊት ቆማ ገደሉ የት ጋ እንደሚሆን በጣቷ ስትፈልግ አስታውሳለሁ። ሥዕሉ ላይ ወደተጻፈው ስልክ ብትደውል ፕላኑ ድሮ የጸደቀ እንደሆነ በትሕትና ነገሯት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት መልስ እጄን ይዛ ወደ ግንባታው ሥራ መሪ ቢሮ ሄድን፤ ቢሮው ሜዳው ላይ የተቀመጠ ኮንቴይነር ነበር።

ሥራ መሪው ጢማም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። የምናገረውን ሁሉ ሰማኝ። ከዚያም ሰዎች ስለ ንብ እንደነገሩት፣ ራሱ ሄዶ እንዳየ፣ አንድም ንብ እንዳጣ ነገረኝ። ለእማዬ ተረጎምኩላት።

«ልጆቻቸው ውስጥ ናቸው በይው» አለችኝ።

አልኩት። እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ የብረት ቆቡን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ። ይቅርታ ማዳም፣ ውሳኔው የእኔ አይደለም አለ።

ያን ዕለት ራት ላይ አባዬ ነገሩን ሰምቶ ተቆጣ፣ ቁጣው ግን የፍርሃት ነበር። «አስቱ፣ የሰው መሬት ነው። ገዝቶ ፈቃድ ያወጣበትን ሰው አትቆፍር ልንለው ነው? ደግሞስ ሰውዬው አይቶ ምንም የለም ብሎሽ የለም እንዴ?»

«እሱ ስላላየ ነው የማይኖሩት?»

«ኧረ ተይ፣ ንብ እኮ ነው የምናወራው!»

እማዬ የጎረሰችውን ዋጠችና እጇን ከትሪው ላይ አነሣች። «አንተም አትያት አልከኝ» አለችው። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አላየኋትም። እና ስላላየኋት አልነበረችም ማለት ነው ጌታቸው? ሰባት ወር ተሸክሜያት ሁላችሁም እንዳልነበረች አደረጋችኋት።»

ናሆም ማኘኩን አቆመ። አባዬ ተነሥቶ የጓሮውን በር ከፍቶ ወጣ። ካፊያ ነበር። በመስታወቱ በኩል ጀርባው ይታየን ነበር፤ አጥሩን ይዞ ቆሞ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እማዬ ተነሥታ ልትሄድ አልቻለችም፣ እኛም አልቻልንም። ሲመለስ ፀጉሩ ርሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ በሩ ላይ እንደቆመ፣ «አካፋ ከማን እንዋሳለን?» አለ።

በማግሥቱ አባዬ ራሱ ወደ ኮንቴይነሩ ሄደ። የተነጋገሩትን አላውቅም፣ ብቻ ሥራ መሪው፣ ሰኞ ጠዋት ማሽን ይገባል፣ ቅዳሜና እሁድ ግን እዚህ ማንም የለም፣ እኔም የማውቀው ነገር የለም እንዳለው ነገረን። ቅዳሜ ጠዋት መንገዳችን በመኪና ተሞላ። ጋሼ ወልዴ ካፖርቱን ለብሶ፣ የአትክልት መጋዝና አካፋ ይዞ መጣ፤ እትዬ አሰገደች ሻይና ዳቦ ይዛ፣ ሌሎቹም ሴቶች ባሎቻቸውን አስከትለው መጡ፤ ከጎረቤታችን ያለው የሕንድ ቤተሰብም ጋሪውን ይዞ ወጣ። አብዛኞቹ ምን ሊሠሩ እንደመጡ በደንብ አልገባቸውም ነበር። «አስቴር ርዱኝ አለች» የተባለውን ብቻ ሰምተው ነው የመጡት፤ ዓመቱን ሙሉ ምንም ሳትለምናቸው ስለቆየች።

ሥራው ገደሉን እንደ ድንጋይ ብሎክ እየቆረጡ፣ ሳይሰበር በጣውላ ላይ አውርዶ በጋሪ ወደ ጓሮአችን መውሰድ ነበር። ጋሼ ወልዴ ልጅ ሳለ ጭቃ ቤት ሲሠራ ያደገ ሰው ነበርና «አትቸኩሉ፣ የረጠበ አፈር ከሥሩ ነው የሚያዘው!» እያለ ይጮህ ነበር። አባዬ «እርስዎ ይቀመጡ ጋሼ፣ ወገብዎ» ሲለው፣ «ወገቤን ምን አገባህ» ይለው ነበር። ልጆቹ ከፊት እየሮጥን መንገድ እናጸዳ ነበር፤ ለጊዜው የበዓል ቀን ይመስል ነበር።

ከሰዓት ላይ አንድ ትልቅ ብሎክ ከጣውላው ተንሸራቶ እግራችን ሥር ወድቆ ለሁለት ተከፈለ። ሁሉም ተሰበሰበ። የተከፈለው አፈር ውስጥ፣ ከጣት ጫፍ የማይበልጡ፣ ውስጣቸው ልስልስ ብሎ እንደ ተወለወለ ሸክላ የሚያበሩ ጉድጓዶች ነበሩ፤ በአንዱ ጉድጓድ ውስጥ ነጭ እጭ፣ እንደ ጨረቃ ጎብጦ፣ ዓይን የለው፣ ክንፍ የለው፣ ተኝቶ ነበር። አካፋው ጎኑን ነክቶት ነበርና የሚድን አልነበረም። እማዬ ተንበርክካ በደረቅ ቅጠል አንሥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው። እትዬ አሰገደች ጎንበስ ብላ አየችው፣ ከዚያ የእማዬን ፊት አየች፤ ያን ጊዜ የገባት መሰለኝ።

«የኔ ልጅ» አለች፣ «እኔ እኮ ሳላውቅ ነው። ይሻላል ያልኩሽ ሳላውቅ ነው።»

እማዬ አፏን ከፍታ መጀመሪያ ድምፅ አልወጣትም። ከዚያ መጣ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም፤ «ልጄ፣ ሳላይሽ፣ ልጄ፣ ሳላይሽ» ትል ነበር። እትዬ አሰገደች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጭቃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ሌሎቹም ሴቶች መጥተው ከበቧት፣ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ለቅሶ እዚያ የጅረት ዳር ላይ ተለቀሰ። ወንዶቹ አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። አባዬ ራቅ ብሎ ዛፉን ይዞ ያለቅስ ነበር፤ ጋሼ ወልዴ ሄዶ ትከሻውን ያዘው። ናሆም ወደ እኔ መጥቶ «አር ዊ ሳድ አባውት ዘ ቢ?» አለኝ፣ ያዘንነው ስለ ንቧ መስሎት። «ስለ እህታችን ነው» አልኩት። በአማርኛ ነበር የመለስኩለት፤ ሌላም አልጠየቀኝም።

ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ ሥራው ቀጠለ። እሁድ ማምሻውን ጓሮአችን ከአጥሩ ሥር በብሎክ ተሞልቶ፣ ላዩ በቆርቆሮ ተከድኖ ነበር፤ ከገደሉ ግን ያወጣነው ትንሹን ነበር፣ ትልቁ እዚያው ቀረ። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ገደል የሚባል ነገር አልነበረም። ማሽኑ ጅረቱን ደልድሎ ቀጥ ያለ ቦይ አድርጎት ነበር።

የዚያን ዓመት መስከረም እማዬ ከብሎኮቹ ፊት በሶብላ፣ ላቬንደርና ቲማቲም ተከለች። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮውን ልታስተካክል በፒጃማ ትሮጥ ነበር፣ ጉንዳን ሲገባባቸው አመድ ትነሰንስ ነበር። እንዲያም ሆኖ አንዱ ረድፍ ረጥቦ ተደረመሰ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አጋመሰ፣ ምንም አልወጣም። አባዬ እንዳትጎዳ ፈርቶ «ባይወጡም የተቻለንን አድርገናል» ሲላት፣ «እኔ እንዲወጡልኝ ብዬ አይደለም» አለችው።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ጠዋት በአንዱ ብሎክ ላይ አዲስ ቀዳዳ ተከፍቶ አየን፤ ቀዳዳው አፍ ላይም አንዲት ንብ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ክንፏ አንድም አልተበጣጠሰም። እማዬ አልጮኸችም፤ እኛን አንድ በአንድ ጠርታ አሳየችን። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ወጡ፣ ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ያ እንደ ወንፊት የተበሳሳው ገደል ተመልሶ አልመጣም። ቢሆንም ያን በጋ በሶብላው ውስጥ ያ ድምፅ ነበር፣ ማምሻውንም አንድ ሁለቱ የላቬንደሩን ዘንግ ነክሰው ይተኙ ነበር፣ ቲማቲማችንም ለጎረቤት እስክናድል አፈራ። እማዬ የንቦቹን ወንበር፣ ማለት ያንኑ የወተት ሣጥን፣ ጓሮ አምጥታ ልብስ ስታሰጣም፣ ሽንኩርት ስትልጥም እዚያ ትቀመጥ ነበር። አንዲት ንብም በአዲስ ጭቃ ቀዳዳዋን ስትደፍን አየናት።

የካቲት ላይ ቤቱን ያከራየን ኤጀንት ደወለ። ባለቤቱ ቤቱን ሊሸጥ ነውና ልቀቁ ተባልን። አባዬ ብሎኮቹን ይዘን እንሂድ ብሎ አንዱን ቢያነሣው እጁ ላይ ፈረሰ፤ እማዬም «ተወው። ሁለት ጊዜ አይነቀሉም» አለች። የተከራየነው ፉትስክሬይ፣ ፎቅ ላይ ያለ፣ ጓሮ የሌለው ቤት ነበር። እማዬ ኤጀንቱን አዲሱ ገዢ ያንን የአፈር ቁልል እንዳይነካው ንገርልን ብላ ለመነችው፤ እነግራለሁ አላት። ምናልባትም ነግሮ ይሆናል።

በተከታዩ በጋ እማዬ እናያቸው ብላ ሁላችንም በአባዬ መኪና ሄድን። በሩን የከፈተልን ወጣት ደግ ሰው ነበር፤ ሚስቱ ሕፃን ይዛ ከኋላው ቆማ ነበር። ጓሮውን ራሱ አሳየን። ከአጥር እስከ አጥር ኮንክሪት ነበር፤ ብሎኮቹ የነበሩበት ቦታ ላይ የባርቤኪው ምድጃ ተቀምጦ ነበር። «ስንገባ እዚያ ጥግ ላይ የሆነ ጭቃ ተከምሮ አገኘን፣ ብዙ አደከመን» አለ። ውኃ ልስጣችሁ አለን። እማዬ «ኖ፣ ታንክ ዩ» ብላ፣ ሕፃኑን በጣቷ ጉንጩን ነክታ ወጣች። ወደ ፉትስክሬይ ስንመለስ አባዬ ከወትሮው ዝግ ብሎ ይነዳ ነበር።

አሁን ያ የመጨረሻው መንገድ የመጨረሻ አይደለም፤ ከእሱ ወዲያ ስንት መንገድ እንዳለ እኔም አላውቀውም፣ አንዳንዶቹም በተቆረጡት ዛፎች ስም ተጠርተዋል። ናሆም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አማርኛውን በግድ ይናገራል። ጋሼ ወልዴ አርፏል። ስለ ዶሪን የሰማነው የለም። አባዬና እማዬ ፉትስክሬይ ናቸው፤ አባዬ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ሥራ ፈቃድ ጠይቆ እማዬን ወደ መቃብሩ ይወስዳታል፣ ያኔ ሳትሄድበት ወደ ቀረችው። ያን ገደል ሙሉውን ማዳን እንችል ነበር ወይ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ፣ አንችልም ነበር። የወጡትም ዘር ተክተው ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም፤ ኮንክሪቱ ሥር ስንቱ እንደቀረም እንዲሁ።

አንድ ነገር ግን ከዚያን ጊዜ የተለየ ሆኖ አየዋለሁ። ያኔ፣ ልጅ ሳለሁ፣ እማዬን ሰው ልጆቿ ስንት እንደሆኑ ሲጠይቃት «ሁለት» ትልና ፊቷን ወደ ሌላ ነገር ታዞር ነበር። ባለፈው ወር አንድ ክርስትና ላይ ነበርን፤ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ወራት የሆናት አንዲት ሙሽራ ከጎኗ ተቀምጣ፣ ጨዋታ ፈልጋ፣ «እትዬ አስቴር፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» አለቻት። እኔ ሰሐን ይዤ ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

«ሦስት» አለች እናቴ፣ ልጅቷን ዓይን ዓይኗን እያየች።